በዝናብ ካፖርት ሥር የተበላ ምሳ

ከጎጃም ስመለስ የመሥሪያ ቤቴ ሰው በሙሉ የጠየቀኝ ስለ ማር ነው። ማር አላመጣሁም። የሆነውን ነገር በየቢሮው ቆሜ መተረክ ሰለቸኝ፤ አንዳንዱም ከእኔ ሰምቶ ለሌላው ሲያወራ ፈረንጁን ከዝንጀሮ ጋር እያደባደበው አስቸገረኝ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን እንደነበረ ጽፌዋለሁ። ዝንጀሮዋ አለች፤ ድብድብ ግን አልነበረም።

ለማያውቁኝ፣ እኔ የውሃ ፓምፕ ቴክኒሻን ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሣሪስ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከሆላንድ ያስመጣው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ከጉንደ ወይን ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ ሊተከል ሆነና፣ ፋብሪካው ሄንክ የሚባል መሐንዲስ ላከ። እኔ ረዳቱም፣ ሹፌሩም፣ አስተርጓሚውም ሆኜ ተመደብኩ። በዚያች ቀበሌ አንዲት ሴት ወንዝ ወርዳ ውሃ ቀድታ እስክትመለስ ግማሽ ቀኗ ያልቃል። ሄንክ ደግሞ ቅዳሜ ማታ አውሮፕላን አለበት። እሱ ፈትሾ ካልፈረመ ፓምፑ አይነሣም፤ ሌላ መሐንዲስ የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ለዓመቱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቀረው ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ሰኞ

ማለዳ እንነሣለን ብለን ሱሉልታን ስናልፍ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ የዘገየነው በራሳችን ነው። ሄንክ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቀይ ጢማም ሰው ነው። ጭኑ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣጥን ታቅፏል። ምንድን ነው ስለው ምሳዬ ነው አለ። አራት ቁራጭ ዳቦ፣ በመሐሉ እንደ ወረቀት የሳሳ አይብ። የአምስት ቀኑን ዳቦና አይብ ከአገሩ ይዞ ነው የመጣው። ምሳውን ይዞ ባሕር የሚሻገር ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ ልስቅበት ስል፣ አክስቴ ልጇን ልትጠይቅ ዱባይ ስትሄድ አንድ ሻንጣ ሙሉ ሽሮና በርበሬ እንደጫነች ትዝ አለኝና ተውኩት።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ መኪናው ጋለብንና ቆምን። ልክ ስድስት ሰዓት ነበር። ሄንክ የሚበላው ልክ በስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም አይሆንለትም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሣጥኑን ከመክፈቱ አንዲት ዝንጀሮ ከገደሉ ብቅ አለችና አንዱን ዳቦ ከእጁ ላፍ አድርጋ ሄደች። እፊታችን ተቀምጣ ዳቦውን ፈለቀቀች፣ አይቡን አሸተተች፣ ወረወረችው፣ ከዚያ ደረቁን ዳቦ ተረጋግታ በላች። ሄንክ አይቤ ምን አደረጋት ብሎ አዘነ። ሁዳዴ ነው፣ ጾም ላይ ናት አልኩት። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ሰውየው የነገሩትን ሁሉ እንደሚጽፍ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ምነው ያኔ በተጠነቀቅኩ ኖሮ።

ደብረ ማርቆስ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከአንድ ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ መቀበል ነበረብን። ጉዳያችንን የያዙት ትልቅ ሰው ደብዳቤውን ከማየታቸው በፊት ተነሡና ሻይ ቤት ወሰዱን። ስንመለስ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ባልደረባቸው ተቆጣ፤ እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ አለና እሱም ወሰደን። ማኅተሙ እስኪመታ ሄንክ አራት ሻይ ጠጥቷል። በእኛ አገር፣ አለ ሄንክ፣ ሥራ ቦታ እንግዳ ሲመጣ አንድ ብስኩት ይሰጠውና የብስኩቱ ቆርቆሮ ይከደናል። ይህን ስተረጉምላቸው ትልቁ ሰው በእውነት አዘኑለት። ሄንክን ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፣ «አይዞህ በለው» አሉኝ።

ማክሰኞ

ወደ ደጀን ተመልሰን በቢቸና በኩል ወጣን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ለሄንክ ስለ አገሩ ወግ አስተማርኩት። እኔ ሳላውቅ ማስተማር የምወድ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴም ይህን ጠባዬን ታነሣብኛለች። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ስለነበር እስላሙም ክርስቲያኑም ጾመኛ ነው። ሰው ጦሙን እየዋለ ፊት ለፊቱ መብላት ነውር ነው አልኩት። ታዲያ ምን ላድርግ ሲለኝ፣ ማንም እንዳያይህ ሆነህ ብላ አልኩት። ጻፈው። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ማደሪያችን ጉንደ ወይን ነው። የማደሪያው ባለቤት እትዬ ውዴ የሄንክን ቁመት ሲያዩ አግዳሚ አስመጡ፣ በአልጋው ግርጌ ገጠሙት፣ በላዩ የጤፍ ጆንያ አስተኙበትና የእግር ማረፊያ ሠሩለት። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሆቴል ይህን ብጠይቅ ጥበቃ የሚጠሩብኝ ይመስለኛል። ራት ላይ ልጨምርልህ ወይ ሲሉት ሄንክ ወዲያው አዎ አለ። እኔ አፈርኩ፤ እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ጊዜ እምቢ፣ ጠግቤያለሁ ሳይል ይጨመርልኝ አይልም። እትዬ ውዴ ግን ልባቸው በራ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እየለመኑ ሲያበሉ ኖረው፣ ሳይለምኑት የሚበላ ሰው ያገኙት ገና አሁን ነው።

ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል፣ ብሎን ልንገዛ የገባንበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ይማም ደግሞ ማፍጠሪያ ሰዓት ደርሷል ብሎ ተምርና ሾርባ አቅርቦልን ነበር። ይማም ከእኔ ጋር እኩያ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። ሄንክ ሁለት ራት በልቶ በጤፉ ጆንያ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኛ።

ረቡዕ

የቀበሌዋ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ መሪጌታ ጽጌ ተቀበሉን። ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እንደምን አደራችሁ ለማለት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። አሥራ አራት ሠራተኛ ተሰብስቧል። ጉድጓዱ አልቋል፣ ሶላሩ ተሰቅሏል። የቀረው የውሃ ሮቶው የሚቀመጥበትን የብረት ማማ ጫፍ መበየድ ነው። በያጁ አያ አበጀ ይባላሉ፤ ስልሳ ዘለው ስምንት ሜትር ላይ እንደ ልጅ የሚወጡ ቀጭን ሰው። ጄኔሬተራቸውን ጠዋት ከቤታቸው በእኔ መኪና ነው ያመጣነው። ሄንክ ብየዳቸውን በጣቱ ዳሰሰ፣ በባትሪ አየ፣ እንዲህ የሚበይድ ሰው በአገሬ ጡረታ ወጥቶ አልቋል አለ። አያ አበጀ ሲተረጎምላቸው ወደ መሬት አይተው ፈገግ አሉ።

የሠራተኛው ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾም ሲፈታ፣ ከየቤቱ በተራ ነው የሚመጣው፤ የዚያን ቀን ተራው የአያ አበጀ ቤት ነበር። ይህን የነገረኝ አንዱ ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባታቸውም አያታቸውም ቀጥቃጭ እንደነበሩ ጨመረልኝ። ሌላ ማለት አላስፈለገውም። እንዲህ ያለ ወሬ እኔ ዘንድ ቦታ የለውም፤ ዲፕሎማ አለኝ። እግሬ ግን ወዲያው ጎሚኒ አስታወሰ። ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የሚገባ ጎሚኒ ጎድሏል ብዬ መኪናዬን አስነሣሁና ወደ ጉንደ ወይን ሄድኩ። ያልተከፈተ የጎሚኒ ፓኬት ከወንበሬ ሥር ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ አላየሁም፤ ኋላ አምስት ሰው ነግሮኛል፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ነው ያወሩት። ልክ በስድስት ሰዓት ሄንክ ሣጥኑን አነሣ። ማንም እንዳያየው መብላት አለበት፤ እኔ ብዬዋለሁ፣ እሱም ጽፏል። ቦታው ግን ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለ፣ ግድግዳ የለ። ከቦርሳው ቢጫ የዝናብ ካፖርት አወጣ። በዚያ በጠራራ ፀሐይ ለሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና ራሱንም ሣጥኑንም በካፖርቱ ሸፍኖ መብላት ጀመረ። አሥራ አራት ሰው ሥራ አቁሞ ያያል። ሜዳው መሐል ቢጫ ነገር ያኝካል። እንዲያም ሲል የካፖርቱን ጠርዝ ገለጥ ያደርግና የሚያየው ሰው እንዳለ ይቃኛል። ከሁሉም ቅርብ የነበሩት አያ አበጀ ናቸው። ባያቸው ቁጥር ደንግጦ መልሶ ይከናነባል።

ለአገሬ ሰው ይህን ማብራራት አይጠበቅብኝም። ምግቡን ከሰው ዓይን የሚሸሽግ ምን ፈርቶ እንደሆነ፣ ያ ዓይን የቀጥቃጭ ልጅ ዓይን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። አያ አበጀ የብየዳ መከላከያቸውን አወለቁ፣ ገመዳቸውን ጠቀለሉ፣ ጄኔሬተሩን አህያ ላይ አስጭነው ሄዱ። ምሳ ይዘው ይመጡ የነበሩትን ባለቤታቸውንም መንገድ ላይ አግኝተው መለሷቸው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስመለስ ሥራ ቆሟል። ሄንክ ብቻ ደስ ብሎታል። እዚህ አገር የምሳ ሰዓት እንዴት ይከበራል አለኝ፤ እሱ መብላት ሲጀምር ሁሉም መሣሪያውን አስቀመጠ።

ሐሙስ

በያጁ አልመጡም። መሪጌታን ስጠይቃቸው ስለ ብረት፣ ስለ እሳትና ስለ ትዕግሥት ረጅም ነገር ነገሩኝ፤ አንዱንም አልጨበጥኩት። ሌላ በያጅ ፍለጋ ይማም ሱቅ ገባሁ።

ይማም ሳይስቅ አየኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጉንደ ወይን ገብቷል፤ ፈረንጁ አያ አበጀን ቡዳ አላቸው ይባላል። አለ አሉ ነው፣ ግን ካፖርቱን ያየ ሰው ብዙ ነው። ሌላ በያጅ የለም ወይ ስለው፣ ቢኖርም አያ አበጀ የጀመሩትን ማንም አይነካም አለኝ። እሳቸው ካልመጡ ማማው እንደዚያው ይከርማል፤ ሴቶቹም ወንዝ መውረዳቸውን ይቀጥላሉ።

ወደ ሄንክ ተመልሼ ቡዳ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ይህን ያህል ላብ በፓምፕ ሥራ አያፈስስም። ሰውየው ጅብ ይሆናል እንዴ ሲለኝ፣ አይሆንም አልኩት። ታዲያ ይሆናል የሚለው ማነው? ሰው። የትኛው ሰው? ያው ሰው ነዋ። አንተስ ትላለህ? እኔማ በፍጹም አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሄንክ ጆሮው ቲማቲም መሰለ። በዘጠኝ አገር ሠርቻለሁ፣ ሰው በአራት ቁራጭ ዳቦ ሰድቤ አላውቅም አለና ወደ ቤታቸው ውሰደኝ አለኝ።

አያ አበጀ በጨዋ ደንብ ተቀበሉን፣ ወንበር አወጡልን። ከወንበሩ በቀር ግን ምንም አልቀረበም። ውሃ እንኳ። ጎጃም ከገባን እህል ውሃ ያልቀረበልን ቤት ያ ብቻ ነው፤ ሄንክ ራሱ ገባው። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስቀጠቅጥ፣ ስበይድ ኖርኩ። እኔ የሠራሁትን ማረሻ ያልያዘ ገበሬ እዚህ የለም። በማረሻዬ ያረሰውን ሲበላ ግን ፊቱን ያዞርብኛል። እሱንስ ለምጄዋለሁ። ባሕር ማዶ ያለው ሰው እንዲህ ሲያደርግ ግን ነገሩ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ በራሴ ተጠራጠርኩ።»

ይህን ለሄንክ ተረጎምኩለት። ሄንክም ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ ስለ ጾሙ ብሎ እንደተከናነበ፣ ለሰው ክብር የሰጠ መስሎት እንደነበር፣ ገለጥ እያደረገ ያየውም አንድ ሰው አይቶት እንዳያፍርበት ሰግቶ እንደሆነ። እንዲህ አድርግ ያለህ ማነው አሉ አያ አበጀ። እሱም ወደ እኔ ጠቆመ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሰው ፊት ይብላ፣ ሰውንም ያጉርስ፣ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ አሉ።

ዓርብ

ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ አይቡን ከሄንክ ሣጥን ማውጣት ነበር፤ በሁዳዴ መሪጌታን አይብ ቢያጎርስ ጉዳችን ነው። በምትኩ ከይማም ሱቅ ማርማላታ ገዛሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። አያ አበጀም መጡ፣ ጄኔሬተሩ አህያዋ ላይ እንዳለ ነው፤ ገና አላወረዱትም። ሄንክ ሣጥኑን እመሐል አስቀምጦ ከፈተ። ከዚያ ሜትሩን አወጣ። አልዋሻችሁም፣ ዳቦውን በሜትር ለክቶ በእርሳስ ምልክት አድርጎ አሥራ ስድስት እኩል ቦታ ቆረጠው። በጉልበቱ እየተንፏቀቀ አንዳንዷን በየሰዉ አፍ ማስገባት ጀመረ። ጉርሻዋ የክብሪት ቀፎ አታህልም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ። አያ አበጀ ዘንድ ሲደርስ በሁለት እጁ ይዞ አጎረሳቸው።

አያ አበጀ አኘኩ። ቀስ ብለው አኘኩ። ዋጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ነበር የሸሸገው?»

አዎ አልኳቸው።

«ይሄንንስ ቡዳም ቢያየው አዝኖለት ያልፋል።»

ማንም አልሳቀም። ያን ቃል ሁሉም ከጀርባቸው ሲለው ኖሯል፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ግን አልነበረም። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ መሪጌታ ጥምጥማቸው እስኪወድቅ ሳቁ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ። ሄንክ ምን አሉ፣ ምን አሉ ይለኛል። ዳቦህ ብዙም አልጣማቸውም አልኩት። ደስ አለው፤ ባለቤቴም እንደዚያው ትላለች አለ።

የአያ አበጀ ባለቤት አገልግላቸውን ፈቱ፤ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ። ሄንክ ደንቡን ተምሯልና አሁን ሁለት ጊዜ እምቢ ለማለት ሞከረ፤ አንዱ አንገቱን ይዞት ሌላው አጎረሰው። ጢሙ ሽሮ በሽሮ ሆነ። ሁሉም በላ። እኔ የዚያን ማለዳ ምንም ሳልቀምስ ወጥቼ ነበር፤ ግን ከዚህም ከዚያም ያለውን እያስተረጎምኩ አልበላሁም። ማስተርጎም አፍ ይይዛል።

አያ አበጀ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጄኔሬተሩን አስወረዱ፣ ማማው ላይ ወጡ። ሊመሽ ሲል ሮቶው ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቅዳሜ

ማለዳ ፓምፑን አስነሣነው። መሪጌታ የመጀመሪያው ውሃ ሳይቀዳ ልመርቅ አሉና ቦኖው ፊት ቆሙ። ምርቃታቸው እንደ ሰላምታቸው ነው። ገና መሐሉ ላይ ሳሉ የመጀመሪያዋ ጀሪካን ሞልታ ፈሰሰች፤ ሴቶቹ መሪጌታ ውሃው፣ ውሃው እያሉ ልብሳቸውን ጎተቷቸው። እሳቸው እግራቸው ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ አሜን እስኪባል አልተንቀሳቀሱም። ሄንክ ፈረመ።

ዕቃ ጭነን ልንነሣ ስንል አያ አበጀ ትንሽ ሰሐን ይዘው ወደ እኔ በር መጡ። ቅዳሜ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ መቆየት የለም። መስታወቱን ዝቅ አደረግኩ።

«እሱስ ባዕድ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልከረረም። «አላወቀም፣ ጠይቆ ተማረ። አንተ ረቡዕ ለጎሚኒ ሄድክ። ጠዋት ጄኔሬተሬን ስጭን ፓኬቱን ከወንበርህ ሥር አይቼው ነበር። ትናንት ደግሞ ስታስተረጉም ዋልክ። ከእኔ ገበታ አንድ ጊዜ እጅህን አላስገባህም።»

ስለ ጨጓራ ሕመሜ ልናገር አሰብኩ። ስለ ዲፕሎማዬም። ሁለቱንም ተውኩ። ባዕዱን ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ስወቅስ፣ ይቅርታ ሳስጠይቅ፣ ዳቦ ሳስቆርጥ ከርሜ፣ የተከናነብኩት እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ፈርቼ ነው፣ አያ አበጀ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«እንጃ።»

ሰሐኑን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። ከዚያ የሽሮ ፍትፍቱን ጠቀለሉ፤ ጡጫ ያክላል፣ ቃሪያ ከጫፉ ወጥቷል። አፍህን ክፈት አሉኝ። ከፈትኩ። ማኘክም መተንፈስም አልተቻለኝም፣ ዕንባዬ መጣ፤ የቃሪያው ይሁን የሌላ አልለየሁም። ጎኔ የተቀመጠው ሄንክ ሰዓቱን እያየ አውሮፕላኑን ያስታውሰኛል። አያ አበጀ አንድ ያጣላል አሉና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ፤ እኔም ሳይሉኝ አፌን ከፈትኩ።